ውስኪን ውስኪ የሚያሰኘው ምንድን ነው?

በአዲስ አበባ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ መካኒሳ በሚባለው ሰፈር፣ የብሔራዊ አልኮልና አረቄ ፋብሪካ ይገኛል። ፋብሪካው ለረጅም ዓመታት ለሀገር ውስጥ ገበያ ሲያቀርብ የኖረው ጂንና ኡዞ በከተማዋ ግሮሰሪዎች መደርደሪያ ላይ ከስኮትላንድ፣ ከአየርላንድና ከአሜሪካ ከመጡ ውስኪዎች ጎን ይደረደራል። ከዚያው ብዙም ሳይርቅ፣ በጠባብ ቤቶች ውስጥ፣ ከገጠር በጀሪካን የመጣ አረቄ በመለኪያ ይሸጣል።

የሦስቱ የዋጋ ልዩነት የሰማይና የምድር ያህል ነው። ገዢው ግን ብዙ ጊዜ የሚለያቸው በቀለማቸው፣ በጠርሙሳቸውና በዋጋቸው ብቻ ነው። ቡናማ ከሆነ ውስኪ ነው፤ ነጭ ከሆነ አረቄ ወይም ጂን ነው ይባላል። ይህ መለያ አሳሳች ነው። ማንኛውም ውስኪ ከማንጠሪያው ሲወጣ እንደ አረቄ ጥርት ያለ ነጭ ነው፤ ማንኛውም ነጭ አልኮል ደግሞ ጥቂት የተቃጠለ ስኳር ሲጨመርበት ቡናማ ይሆናል።

አንድን መጠጥ ለማወቅ የሚያስፈልገው ሦስት ነገር መጠየቅ ነው። ከምን ተጠመቀ? እንዴት ተነጠረ? ከተነጠረ በኋላስ የት፣ ስንት ዓመት ቆየ? በዓለም ላይ ያሉት የውስኪ ዓይነቶች ሁሉ የሚለያዩት ለእነዚህ ጥያቄዎች በሚሰጡት መልስ ነው።

ነገሩን ለመረዳት ከአረቄ መነሣት ይቀላል። በአማራ ክልልና በሌሎችም የሀገሪቱ ክፍሎች አረቄ በማውጣት ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ እናቶች ሥራውን ጠንቅቀው ያውቁታል። ገብሱ ወይም ስንዴው ውኃ ጠጥቶ ይበቅላል፤ ደርቆ ይፈጫል፤ ብቅል ይሆናል። ብቅሉ ከተወቀጠ ጌሾና ከውኃ ጋር ይጠነሰሳል። በጥንስሱ ላይ እንደየአካባቢው ከበቆሎ፣ ከማሽላ፣ ከዳጉሳ ወይም ከገብስ የተዘጋጀ እህል ይጨመራል። ዲፍዲፉ በጋን ተከድኖ ለቀናት ይብላላል። ከዚያም በእንስራ ወይም በማሰሮ እሳት ላይ ይጣዳል፤ አፉ በጭቃ ወይም በሊጥ ይመረጋል፤ እንፋሎቱም በመቃ ወይም በሸምበቆ ተመርቶ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ ይጠራቀማል።

በዚህ ውስጥ ያለው ሳይንስ በስኮትላንድ ካለው የተለየ አይደለም። እህል ሲበቅል በውስጡ ኢንዛይም የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ይፈጠራሉ። እነሱም የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር ይቀይራሉ፤ እርሾ ደግሞ ስኳሩን ወደ አልኮል ይለውጣል። አልኮል የሚፈላው በ78 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ውኃ ግን በ100 ዲግሪ። በመሆኑም ዲፍዲፉ ሲሞቅ ቀድሞ በብዛት የሚተነው አልኮሉ ነው። እነዚህ ቁጥሮች የባሕር ጠረፍ ቁጥሮች ናቸው። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ላይ ውኃ ከ92 ዲግሪ ብዙም ሳይርቅ ይፈላል፤ የሁለቱ ቅደም ተከተል ግን አይለወጥም።

አንድ ጊዜ ብቻ የወጣው ተራ አረቄ ይባላል። እንደገና ተጥዶ የወጣው ዳግም አረቄ ነው። በላቦራቶሪ ልኬቶች ዳግም አረቄ 45 በመቶ ገደማ አልኮል ይዞ ተገኝቷል፤ ተራው ከዚያ ያንሳል። መጠኑ ግን ከቤት ቤት፣ ከጥድ ጥድ ይለያያል፤ በመለኪያ መስታወት የሚለካ ሰው የለምና።

የስኮትላንድ የብቅል ውስኪም በአብዛኛው ዳግም ነው። ገብስ በቅሎ፣ ተፈጭቶ፣ በሙቅ ውኃ ተዘፍዝፎ፣ በእርሾ ተብላልቶ በመዳብ ማሰሮ ሁለት ጊዜ ይነጠራል። ከሁለተኛው የሚወጣው 70 በመቶ ገደማ አልኮል ይኖረዋል። ነጣሪው መጀመሪያ የሚወጣውንና መጨረሻ ላይ የሚወጣውን ለይቶ እንደገና ወደ ማንጠሪያ ይመልሳል፤ የሚወስደው መካከለኛውን ነው። በአንዳንድ የስኮትላንድ አካባቢዎች ደግሞ ብቅሉ የሚደርቀው ከረግረግ በተቆረጠ፣ ለሺህ ዓመታት ከበሰበሰ ዕፅዋት በተፈጠረ ማገዶ ጭስ ነው። አንዳንድ ውስኪ “ጭስ ጭስ” የሚለው ለዚህ ነው። ጌሾ የለበትም። ልዩነቱ በዋናነት የሚጀምረው ግን ከማንጠሪያው በኋላ ነው። አረቄው በማግስቱ ይጠጣል፤ ውስኪው ወደ በርሜል ይገባል።

የመካኒሳው ፋብሪካ መንገድ ከሁለቱም ይለያል። የፋብሪካ አልኮል በሀገራችን በዋናነት የሚመረተው ከሞላሰስ ነው። ሞላሰስ ሸንኮራ አገዳ ተጨምቆ ስኳሩ ከተለየ በኋላ የሚቀረው ጥቁር፣ ወፍራም ፈሳሽ ነው። ከስኳር ፋብሪካዎች የሚመጣው ሞላሰስ በውኃ ቀጥኖ በእርሾ ይብላላል፤ ከዚያም በረጃጅም ዓምዶች ውስጥ ያለማቋረጥ እየተነጠረ 96 በመቶ ገደማ ንጹሕ የሆነ አልኮል ይሆናል። እዚህ ደረጃ ላይ የደረሰ አልኮል የመጣበትን ጣዕም ጥሎ ነው የሚወጣው። አገዳ ይሁን በቆሎ ቀምሶ መለየት አይቻልም። ጣዕሙ የሚሰጠው በኋላ ነው። ለጂን፣ የሀገራችን ጥድ ዘመድ የሆነ ቁጥቋጦ ፍሬ፤ ለኡዞ፣ ሽታው እንስላልን የሚያስታውስ አኒስ የተባለ ቅመም ይገባበታል። ጂንና ኡዞ በባሕርያቸው እንዲህ የሚሠሩ መጠጦች ስለሆኑ በዚህ ምንም ማታለል የለም። ነገር ግን የአገዳ አልኮል ምንም ያህል ቡናማ ቢሆን ውስኪ አይሆንም። የቅርብ ዘመዱ ሩም ነው።

በዓምድ ማንጠር የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1830 ኤኒያስ ኮፊ የተባለ አየርላንዳዊ የቀድሞ የቀረጥ ሹም ላሻሻለው መሣሪያ የባለቤትነት መብት ካገኘ በኋላ ነው። መሣሪያው ርካሽና ብዙ አልኮል በአንድ ጊዜ ስለሚያወጣ በብሪታንያ ትልቅ ክርክር አስነሣ። በማሰሮ የሚያነጥሩት “ይህ ውስኪ አይደለም” አሉ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ በመጨረሻም መንግሥት ኮሚሽን አቋቋመ። ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በ1909 ባቀረበው ሪፖርት በዓምድ የተነጠረው የእህል አልኮልም ውስኪ መባል ይችላል አለ። ዛሬ በዓለም ላይ በብዛት የሚሸጠው የስኮትላንድ ውስኪ የሁለቱ ድብልቅ መሆኑ የዚያ ውጤት ነው።

አሁን ጠርሙሱን አንሥቶ ማንበብ ይቻላል። “ስኮች” የሚለው ቃል ብዙ ቁም ነገር ይዟል። በሀገሩ ሕግ መሠረት ስኮች ለመባል መጠጡ በስኮትላንድ ከእህል ተጠምቆ፣ እዚያው ተነጥሮ፣ እዚያው ከ700 ሊትር ባልበለጠ የኦክ እንጨት በርሜል ቢያንስ ሦስት ዓመት መቆየት አለበት። ጠርሙስ ውስጥ ሲገባ የአልኮል መጠኑ ከ40 በመቶ ማነስ አይችልም። ሊጨመርበት የሚፈቀደው ውኃና ለቀለም የሚሆን ካራሜል ብቻ ነው። ስኳርም ቅመምም ክልክል ነው።

በዚህ ሥር ሕጉ አምስት ዓይነቶችን ይለያል፤ ሸማቹ በአብዛኛው የሚያገኛቸው ግን ሁለቱን ነው። “ሲንግል ሞልት” የሚለው ከበቀለ ገብስ ብቻ፣ በመዳብ ማሰሮ፣ በአንድ ማንጠሪያ ቤት የተሠራ ማለት ነው። “ሲንግል” የሚለውን ብዙዎች ከአንድ በርሜል የወጣ አድርገው ይረዱታል፤ አይደለም። የአንዱ ማንጠሪያ ቤት ብዙ በርሜሎች ሊደባለቁበት ይችላሉ። “ብሌንድድ” የሚለው ደግሞ የተለያዩ ማንጠሪያ ቤቶች የብቅል ውስኪ በዓምድ ከተነጠረ የእህል ውስኪ ጋር የተቀላቀለበት ነው። በሀገራችን ሰርግና ግብዣ ላይ የሚታወቁት ጆኒ ዎከር ሬድ ሌብልና ብላክ ሌብል፣ ሺቫስ ሪጋል፣ ጄ ኤንድ ቢ ሁሉም ከዚህ ምድብ ናቸው። ድብልቅ መሆን ነውር አይደለም። ዓመት ከዓመት አንድ ዓይነት ጣዕም ማውጣት ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

ጠርሙሱ ላይ “12” ተብሎ ቢጻፍ ድብልቁ ውስጥ ካሉት ሁሉ በዕድሜ ትንሹ 12 ዓመት በበርሜል ቆይቷል ማለት ነው። አማካይ አይደለም፤ የትልቁም ዕድሜ አይደለም። ቁጥር ከሌለበት ደግሞ ሕጉ የሚያስገድደውን ሦስት ዓመት አሟልቷል ከማለት በላይ ስለ ዕድሜው የሚነግረን የለም።

የአየርላንድ ውስኪም ቢያንስ ሦስት ዓመት በእንጨት በርሜል ይቆያል። ብዙ ጊዜ የሚነጠረው ሦስት ጊዜ ነው፤ ስለዚህም ለስለስ ይላል ይባላል። ከበቀለ ገብስ ጋር ያልበቀለ ገብስ የመቀላቀል ልማድም አለው። ይህ ልማድ እንዲስፋፋ ያደረገው በ18ኛው ክፍለ ዘመን በብቅል ላይ የተጣለው ቀረጥ እንደነበረ ይነገራል። ግብር መጠጥን ሲለውጥ ይህ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም አይደለም።

አሜሪካኖች ቦርበን የሚሉት ውስኪ መሠረቱ በቆሎ ነው። ቢያንስ 51 በመቶ በቆሎ መሆን ሲኖርበት፣ የሚቀመጠውም ውስጡ በእሳት በከሰለ አዲስ የኦክ ዕቃ ነው። በርሜሉ አንድ ጊዜ ለቦርበን ካገለገለ በኋላ ለሌላ ቦርበን አይሆንም። ያገለገሉት በርሜሎች በብዛት ወደ ስኮትላንድ ይሸጣሉ፤ ስለዚህ ብዙው ስኮች የሚያድገው ቀድሞ ቦርበን በነበረበት በርሜል ነው። ጃክ ዳንኤል የሚወጣበት የቴነሲ ግዛት ውስኪ ደግሞ ወደ በርሜል ከመግባቱ በፊት በከሰል ውስጥ ይንጠባጠባል። የማር ማጣሪያ ዓይነት ነገር ነው። ጃፓን የመጀመሪያውን ትልቅ የብቅል ውስኪ ማንጠሪያ በያማዛኪ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1923 ሲሆን፣ መንገዱ የተቀዳው ከስኮትላንድ ነው።

ለኢትዮጵያ ገበያ ይበልጥ ትምህርት የሚሆነው የሕንድ ጉዳይ ነው። ሕንድ በመጠን ከዓለም ቀዳሚዎቹ ውስኪ ጠጪ ሀገሮች አንዷ ናት። ነገር ግን እዚያ “ውስኪ” ተብለው የሚሸጡ ብዙ ርካሽ መጠጦች በከፊል ወይም በአብዛኛው ከሞላሰስ አልኮል የሚሠሩ ናቸው። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ውስኪ ከእህል ብቻ መሆን አለበት ስለሚል፣ እነዚህ መጠጦች በዚያ ስም አውሮፓ መሸጥ አይችሉም። በእርግጥ ሕንድ ከገብስ የሚሠራ ጥሩ ውስኪም አላት። ሁለቱን የሚለየው የጠርሙሱ ፊት ሳይሆን ጀርባ ላይ በትንሹ የተጻፈው የይዘት ዝርዝር ነው። ከየትም ሀገር የመጣ “ውስኪ” ሲገዛ ይህን ማንበብ ዋጋ አለው።

በርሜሉ ለምን ይህን ያህል ዋጋ እንዳለው መረዳት ተገቢ ነው። ነጩ አልኮል በእንጨቱ ውስጥ እየገባና እየወጣ ቀለሙን፣ አብዛኛውን ሽታውንና ለስላሳነቱን የሚያገኘው ከእንጨቱ ነው። በዚያው ልክ ይተናል። በስኮትላንድ ቀዝቃዛ አየር በየዓመቱ 2 በመቶ ያህሉ ይጠፋል። በዚህ ስሌት አንድ በርሜል 12 ዓመት ሲሞላው ከአምስት እጅ አንዱ ያህል አየር ላይ ቀርቷል። የጠፋውን የሚከፍለው ሸማቹ ነው።

በርሜል ውስጥ ያለው እንዲህ ሲለወጥ፣ ጠርሙስ ውስጥ ያለው ግን አይለወጥም። ውስኪ ጠርሙስ ውስጥ ከገባ በኋላ አያረጅም። “ከአባቴ ሰርግ የተረፈ ነው” ተብሎ በቡፌ ውስጥ 20 ዓመት የተቀመጠ የ12 ዓመት ውስኪ ዛሬም የ12 ዓመት ውስኪ ነው። ካልተከፈተና ፀሐይ ካላገኘው ብዙም አይበላሽም፤ አይሻሻልም። ከተከፈተና ግማሹ ከተጠጣ ግን በገባበት አየር ምክንያት ጣዕሙ በወራት ውስጥ እየደከመ ይሄዳል።

በጥቅምት 2015 ዓ.ም መንግሥት የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው ባደረጋቸው 38 ዓይነት ዕቃዎች ውስጥ የአልኮል መጠጦች ይገኙበት ነበር። እገዳው የተነሣው በሐምሌ 2016 ዓ.ም፣ የውጭ ምንዛሪ ሥርዓቱ ሲለወጥ ነው። በማንኛውም ሀገር እንዲህ ያለ እጥረትና የዋጋ ንረት አስመሳይ መጠጥን ይጋብዛል። የተለመደው ዘዴ ቀላል ነው፤ ባዶውን የታወቀ ጠርሙስ መሰብሰብና በርካሽ አልኮልና በካራሜል መልሶ መሙላት። የተሞላው ንጹሕ የፋብሪካ አልኮል ከሆነ ጉዳቱ በኪስ ላይ ነው። ሜታኖል ከሆነ ግን ዓይን ወይም ሕይወት ይጠፋል።

ስለ ሜታኖል አንድ የተሳሳተ ግምት አለ። መጀመሪያ የሚወጣውን አረቄ ከደፉት አደጋው አብሮ ይደፋል የሚል ነው። ሜታኖል በ65 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ግምቱ ትክክል ይመስላል፤ ዳሩ ግን ሜታኖል በጥቂት በጥቂቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አብሮ ይወጣል። ደግነቱ ከእህል የተጠመቀ ዲፍዲፍ የሚያስገኘው ሜታኖል በጣም አነስተኛ ነው። በልዩ ልዩ ሀገሮች ብዙ ሰዎችን በአንድ ጊዜ የገደሉ መመረዞች በአብዛኛው የመጡት ለኢንዱስትሪ፣ ለቀለም ማቅጠኛ ወይም ለጽዳት የተዘጋጀ ሜታኖል ሆን ተብሎ መጠጥ ውስጥ ሲጨመር ነው። ሜታኖል በመልክ፣ በሽታና በጣዕም ከመጠጥ አልኮል እምብዛም አይለይም። በክብሪት ለኩሶ የነበልባሉን ቀለም ማየትም አያስተማምንም።

ምልክቱ ወዲያው ላይታይ ይችላል። ከ12 እስከ 24 ሰዓት ቆይቶ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ ብርቱ የሆድ ሕመም፣ የትንፋሽ መፍጠንና የዓይን መደብዘዝ ይመጣል። ብዙዎች እንደ ተራ የመጠጥ ሕመም ቆጥረው ይተኛሉ። የዓይን መደብዘዝ ግን ከመጠጥ በኋላ የሚመጣ ተራ ነገር አይደለም። መድኃኒት ስላለው በፍጥነት ሆስፒታል የደረሰ ሊድን ይችላል፤ አብረውት የጠጡትም ጤነኛ ቢመስሉ መመርመር አለባቸው።

ሸማቹ ሊያደርግ የሚችለው ጥንቃቄ አለ። ክዳኑ ሲዞር ማኅተሙ በግልጽ መላቀቅ አለበት። የጠርሙሶቹ ልክ እኩል መሆኑን፣ ወረቀቱ አለመጣመሙን፣ ክዳኑና ጠርሙሱ ላይ ያሉት የምርት መለያ ቁጥሮች አለመፋቃቸውን ማየት ይገባል። ከገበያው ዋጋ እጅግ የወረደ ውስኪ ከመግዛት መቆጠብ ይሻላል። የጨረሱትን ጠርሙስ ወረቀቱን ሳይቀዱ ለቆራሌው አለመስጠት ደግሞ ሌላውን ሰው መጠበቅ ነው። አረቄ የሚያጓጉዙና የሚሸጡም የፀረ ተባይ ወይም የሌላ ኬሚካል ጀሪካን የቱንም ያህል ቢታጠብ መጠቀም የለባቸውም።

መጠኑም ችላ የሚባል አይደለም። 5 በመቶ አልኮል ያለው ባለ 330 ሚሊ ሊትር አንድ ጠርሙስ ቢራ 16 ሚሊ ሊትር ተኩል ንጹሕ አልኮል ይዟል። 40 ሚሊ ሊትር ውስኪ 16 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ያው ልክ ዳግም አረቄ 18 ይሆናል። ትንሿ መለኪያ አንድ ቢራ ናት ማለት ነው፤ ሦስት መለኪያ በሩብ ሰዓት የጠጣ ሰው ሦስት ቢራ ጠጥቷል። ዕድሜ የጠገበው ውድ ውስኪም በዚህ ረገድ ከአረቄው የተሻለ ምሕረት የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ባወጣው መግለጫ ለጤና ምንም ጉዳት የለውም የሚባል የአልኮል መጠን የለም ብሏል። ጉንፋን ያድናል፣ ልብ ያጠነክራል የሚባለውም ከዚህ አያመልጥም። በኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው የአልኮል መጠጥ መሸጥ ክልክል ነው። በሬዲዮና በቴሌቪዥን የአልኮል ማስታወቂያ የቀረውም በዚሁ አዋጅ ነው።

ለአርሶ አደሩ የሚቀረው ጥያቄ የእህሉ ነው። ውስኪ የሚፈልገው የብቅል ገብስ በሀገሪቱ ደጋማ ቦታዎች ይመረታል። በአሰላ፣ በጎንደርና በደብረ ብርሃን ያሉት ብቅል ፋብሪካዎች ገዝተው ለቢራ ጠማቂዎች ያቀርቡታል። ቢራ በሳምንታት ውስጥ ተሸጦ ገንዘቡ ይመለሳል። ውስኪ ግን ገብሱ ከተገዛ በኋላ ቢያንስ ሦስት ዓመት፣ በውጭ ምንዛሪ በተገዛ የኦክ በርሜል ውስጥ፣ እየተነነ መጠበቅን ይጠይቃል። ሥራውን ከባድ የሚያደርገው የእህል ወይም የሙያ እጥረት ሳይሆን ይህ ጥበቃ ነው።

በአንድ ነገር ግን የገጠሩ ጓዳና የስኮትላንዱ ማንጠሪያ ቤት እስካሁን አይለያዩም። አረቄው ከወጣ በኋላ በማሰሮው የሚቀረው አተላ ቀዝቅዞ ለከብት ይሰጣል። በስኮትላንድም ከውስኪ ጥምቅ የተረፈው የገብስ ገለባና ፍትፍት በመኪና ተጭኖ በአካባቢው ላሉ ከብት አርቢዎች ይሸጣል።